ሆደ ባሻ

«ሌሊት ከእንቅልፍሽ ያስነሳሻል?»

ዶክተሯ ይህን የጠየቁኝ ቀና ሳይሉ ነው። እየጻፉ ነበር። እኔ ጉልበቴ ላይ ያስቀመጥኩትን ፌስታል እጨብጣለሁ፣ እለቃለሁ። ፌስታሉ ውስጥ የሦስት ዓመት ወረቀት አለ። የሰገራ ምርመራ፣ የደም ምርመራ፣ አልትራሳውንድ፣ ኢንዶስኮፒ፣ በመጨረሻም ትልቁን አንጀት በካሜራ የሚያዩበት ኮሎኖስኮፒ። ሁሉንም በቀናቸው ቅደም ተከተል አስይዣቸዋለሁ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ደጋፊ ሰነድ ሳላያይዝ ጉዳይ አላቀርብም።

አፌ ላይ የመጣው «አዎ» ነበር። ሕመሜ ቀላል እንዳይመስላቸው። ከዚያ ግን ቆም ብዬ አሰብኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቁርጠቱ ታክሲ ውስጥ ይዞኛል። ስብሰባ ላይ ይዞኛል። ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ቤት ይዞኛል። አንዴ ቅዳሴ መሐል ይዞኝ ነጠላዬን ሰብስቤ ወጥቻለሁ። ሌሊትስ? አንድም ሌሊት ትዝ አላለኝም።

«አያስነሳኝም» አልኩ፤ ጥፋት እንደሚያምን ሰው።

ብዕሩን አስቀመጡ። «አየሽ፣ አንቺ ስትተኚ እሱም ይተኛል» አሉ።

ይህች ንግግር ይኸው ሁለት ዓመት ሆናት፤ እስካሁን አልለቀቀችኝም።

ፌስታሉ

ነገሩ የጀመረው አፋር፣ ሎጊያ ነው። ለኦዲት ሥራ ሄደን አራት ቀን ሰነበትን። በሦስተኛው ቀን እኔና አንድ ባልደረባዬ በተቅማጥ ወደቅን። ውሃው ይሁን ምግቡ እግዜር ይወቅ። ኦ አር ኤስ እየተጎነጨን፣ ሹፌሩን በየሃምሳ ኪሎ ሜትሩ እያስቆምን አዲስ አበባ ገባን። እሱ በሳምንቱ ድኖ ክትፎ ሲበላ አየሁት። የኔም ተቅማጥ ቆመ። ሆዴ ግን የድሮው ሆዴ አልሆነም።

ጠዋት ጠዋት ሦስቴ አራቴ መመላለስ። ከዚያ ደግሞ ሦስት ቀን ድርቅ ማለት። ቁርጠቱ ይመጣል፣ ሽንት ቤት ደርሼ ስመለስ ቀለል ይለኛል፣ ተመልሶ ይመጣል። ከሰዓት በኋላ ሆዴ ተነፍቶ የቀሚሴ ዚፕ አልዘጋ ይላል። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ አንዲት እናት ሆዴን አይተው «ነይ ተቀመጪ ልጄ፣ ስንተኛ ወርሽ ነው?» ብለው ቦታቸውን ለቀቁልኝ። «አምስተኛ» ብዬ ተቀመጥኩ። ምን ልበላቸው?

ሚኒባስ ውስጥ በሩ አጠገብ ካልሆነ አልቀመጥም ነበር። ረዳቱ «ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ» ሲል ያልሰማሁ እመስላለሁ፤ ቢቆጣም እግሬን አዙሬ ሌላውን አሳልፋለሁ እንጂ ንቅንቅ የለም። ከመገናኛ ሜክሲኮ ባለው መንገድ የትኛው ካፌ ሽንት ቤቱ ክፍት እንደሆነ፣ የትኛው ቁልፉን ካሸሯ ጋር እንደሚያስቀምጥ፣ የትኛው «ለተስተናጋጅ ብቻ» ብሎ እንደለጠፈ በቃሌ አውቃለሁ። ሜክሲኮ ወርጄ ከምሻገርበት ጥግ ያለች አንዲት ትንሽ ካፌ ቁልፏን ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ላይ አስራ ነው የምትሰጠው። ጠርሙሱን ይዞ ቤቱን አቋርጦ መሄድ ማለት ለተቀመጠው ሰው ሁሉ ጉዳይህን ማወጅ ነው። እዚያች ካፌ ስንት ሻይ ሳልጠጣ ከፍዬ እንደወጣሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ክሊኒክ ደግሞ አልቀረኝም። አንዱ ጃርዲያ አለኝ። ሌላው አሜባ አለኝ። አንዱ ጋ ታይፎይድም ታይፈስም ተገኘብሽ ተብያለሁ፣ በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ቀን። ሜትሮኒዳዞል ስንት ዙር እንደወሰድኩ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል፤ ያ ብረት ብረት የሚል ጣዕሙ ግን ምላሴ ላይ አለ። ኤች ፓይሎሪ ነው ተብዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ እፍኝ እፍኝ ኪኒን ውጫለሁ። ጎረቤቴ «ጨጓራ ነው» ትላለች። አዲስ አበባ ውስጥ ከደረት በታች ያለ ሕመም ሁሉ ጨጓራ ነው።

ጃርዲያም አሜባም እኛ አገር የሉም አልልም፤ ሞልተዋል። መመርመሩ ትክክል ነበር። ያናደደኝ ሌላ ነው። አንድ ሰው ታክሞ ካልተሻለው፣ እንደገና ታክሞ ካልተሻለው፣ አሥረኛው ጊዜ ላይ ያንኑ ኪኒን ከመጻፍ በፊት «ቆይ፣ ይህ ነገር ሌላ ቢሆንስ?» የሚል መኖር አልነበረበትም? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶች። እኔ ደግሞ ያልተናዘዝኩበት ክሊኒክ የለም። መናገር አንድ ነገር ነው፤ ጠያቂ ማግኘት ሌላ ነገር ነው።

እማዬም በበኩሏ ዝም አላለችም። ፌጦ በነጭ ሽንኩርት ደቁሳ፣ በሎሚ ለውሳ፣ በየጠዋቱ በባዶ ሆዴ ታቀምሰኛለች። ስንገሸገሽ «መራራ ካልሆነማ ምኑን መድኃኒት ሆነ» ትለኛለች። ይህችን ነጭ ሽንኩርት ያዙልኝ፤ ወደ እሷ እመለሳለሁ።

አንድ የማፍርበትን ነገር ልናገር። ኮሎኖስኮፒ ልነሳ ስል አንድ ነገር እንዲገኝብኝ ጸልያለሁ። ከባድ ነገር አይደለም። ብቻ ስም ያለው፣ ወረቀት ላይ የሚጻፍ፣ ለአለቃዬ የማሳየው ነገር። ስነቃ «ምንም የለሽም፣ ንጹሕ ነው» አሉኝ። እንባዬ መጣ። ነርሷ የደስታ መስሏት «እሰይ! ተመስገን በይ» አለችኝ። ተመስገን አልኩ።

እሱም ይተኛል

ስለዚህ ዶክተሯ «እሱም ይተኛል» ሲሉኝ መጀመሪያ የሰማሁት «የፈጠርሽው ነው» የሚል ነው። ፊቴ ሳይለዋወጥ አልቀረም።

«ታዲያ ሐሳብ ነው እያሉኝ ነው ዶክተር?»

«ወጣኝ እንዴ?» አሉና ፈገግ አሉ። ከዚያ ጥያቄውን አወረዱት። ሰገራሽ ላይ ደም አይተሻል? ሳታስቢው ከስተሻል? ትኩሳት አለሽ? የደም ማነስ ተብለሽ ታውቂያለሽ? ከቤተሰብ የአንጀት ካንሰር የነበረበት ሰው አለ? ለሁሉም የለም አልኩ። ዕድሜዬንም ጠየቁኝ፤ ከ50 ዓመት ወዲያ አዲስ የሚጀምር የሆድ ችግር በሌላ ዓይን ነው የሚታየው አሉኝ። የሌሊቱም ጥያቄ ከእነዚሁ አንዱ ነው። የቆሰለ አንጀት፣ ኢንፌክሽን ወይም ዕጢ ሰዓት አይመርጥም። ከእንቅልፍ እየቀሰቀሰ ሽንት ቤት የሚያስሮጥ ሕመም ሐኪምን ያሳስባል። የኔው ግን አዳሩን ሰላም ነው።

ቀጥለው አንድ ወረቀት አወጡ። ሰባት ሥዕል አለበት። ከብይ ከመሰለው ደረቅ እስከ ውሃ የሆነው ድረስ፣ የሰገራ ዓይነት ነው። ብሪስቶል በምትባለው የእንግሊዝ ከተማ ያሉ ሐኪሞች ያዘጋጁት መለኪያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራ። ሦስት ዓመት ሙሉ ለሐኪም ሁሉ «ያው… ትንሽ ቀጠን ያለ…» እያልኩ ወለሉን ሳይ ኖሬአለሁ። አሁን ጣቴን ዘርግቼ ቁጥር 6፣ ከዚያ ቁጥር 1 ላይ አስቀመጥኩ። ሁለታችንም ቃል አልተነፈስንም። እንዴት ያለ እፎይታ ነው! አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይህን በመሣሉ ባርኬዋለሁ።

«አይ ቢ ኤስ ይባላል» አሉኝ፤ በእንግሊዝኛ «ኢሪተብል ባወል ሲንድሮም» ማለት ነው። መለኪያም አለው። ሮም የሚባለው መስፈርት እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ቅጂው እንዲህ ይላል፦ ላለፉት 3 ወራት በአማካይ በሳምንት ቢያንስ 1 ቀን የሆድ ሕመም፤ ሕመሙ ከሰገራ መውጣት፣ ከምልልሱ ቁጥር ወይም ከቅርጹ መለወጥ ቢያንስ ከሁለቱ ጋር የተያያዘ፤ ከጀመረም 6 ወር ያለፈው። ፌስታሌን ሳይከፍቱት፣ በእኔው አፍ፣ አንድ በአንድ ምልክት አደረጉ። ሁሉም ሞላ።

እኔ በሽታ ማለት ላብራቶሪ የሚያገኘው ነገር ይመስለኝ ነበር። ላብራቶሪ ካላገኘው ወይ ላብራቶሪው ሰንፏል ወይ እኔ ዋሽቻለሁ። ሦስተኛ መንገድ አለ ብሎ የነገረኝ አልነበረም። የተቆረጠ፣ የቆሰለ፣ ያበጠ ነገር ሳይኖር አሠራሩ የታወከ አካል ሊኖር ይችላል። ሒሳብ ቤት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ደረሰኙ ሁሉ አለ፣ ማንም አልሰረቀም፣ ባላንሱ ግን አልገጥም ይላል።

ከፌስታሌ አንዱን ወረቀት ተቀብለው ጀርባውን ገለበጡና ላዩ ላይ አንድ ክብ፣ ታቹ ላይ አንድ የተጠማዘዘ መስመር ሣሉ። መሐላቸው ሁለት ቀስት፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች። አንጀት የራሱ የነርቭ መረብ አለው፣ ከ100 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሕዋሳት ያሉት፣ ከአንጎል ጋር ሌት ተቀን የሚነጋገር። «ሌላው ሰው በሹክሹክታ የሚደርሰውን አንቺ በሞንታርቦ ትሰሚዋለሽ» አሉኝ። በኋላ ቤት ገብቼ ሳነብ እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ አንድ የቆየ ጥናት አገኘሁ። የበሽተኞችም የጤነኞችም አንጀት ውስጥ ትንሽ ባሎን አስገብተው በእኩል መጠን ይነፉታል። ከጤነኞቹ ጥቂቱን ብቻ ያመመው ንፋት ብዙዎቹን በሽተኞች አሳመማቸው። ይህን ያነበብኩ ለት ለእማዬ ደወልኩላት። «ባሎን ነፍተው አይተውታል እማዬ፣ አልዋሸሁም» አልኳት። «ማን ዋሸሽ አለ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እሷ ብላኝ አታውቅም።

ስሙን በአማርኛ

አይ ቢ ኤስን አንዳንዱ «የአንጀት መቆጣት» ይለዋል። ይህ ስም ጉድ ይሠራል። በእኛ ቋንቋ ቁስልም ይቆጣል፣ ቶንሲልም ይቆጣል፤ መቆጣት ስንል ቀልቶ ማበጥ ነው የሚመጣብን። እዚህ ሕመም ላይ ግን የሌለው እሱ ነው። የሚያብጥ፣ የሚቆስል፣ የሚደማ ሌላ የአንጀት በሽታ አለ፤ ያ ሌላ ነው፣ ሕክምናውም ሌላ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም የጠራ ሰው ያለ ነገሩ ይደነግጣል፣ ወይም መደንገጥ ሲገባው ይተኛል።

እኔ ያወጣሁለት ስም «ሆደ ባሻ» ነው። በትንሽ ነገር የሚከፋው፣ ቀና ንግግር የሚያስከፋው ሰው ሆደ ባሻ ይባል የለ? በቃ፣ አንጀቴ እንደዚያ ነው። ማንም አልመታውም። ነገር ግን ሁሉ ነገር ይሰማዋል።

ደግሞ አስቡት፣ አማርኛ ሆድን የሚያህል ሥራ የሰጠው አካል የለም። ሲከፋን ሆድ ይብሰናል። ስንሰጋ ሆዳችንን ባር ባር ይለዋል። ስንራራ አንጀታችን ይንሰፈሰፋል። ያናደደን ሰው ጨጓራችንን ይልጠዋል። የማይነገር ነገር ሲገጥመን ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» ብለን እዚያው እንቀብረዋለን። እኔ እንኳን በአንድ የበጀት ዓመት ስንት ነገር «ሆድ ይፍጀው» እንዳልኩ! ፈጀው እንግዲህ።

ይህን ጽፌ ሳበቃ ግን ራሴው ደስ አላለኝም። ምክንያቱም ከዚህ ወደ «ጭንቀት ነው፣ ተረጋጊ» አንድ እርምጃ ነው። ያንን ደግሞ ጠግቤዋለሁ። ሎጊያን አትርሱብኝ።

ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ዎከርተን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ2000 ከባድ ዝናብ የከብት ፍግ አጥቦ የመጠጥ ውሃ ጉድጓዷ ውስጥ ከተተው። ነዋሪዋ 5 ሺህ ገደማ ነው፤ ከ2 ሺህ በላይ ሰው ታመመ፣ 7 ሰዎች ሞቱ። ተመራማሪዎች ነዋሪውን ለዓመታት ተከታተሉት። በወቅቱ ተቅማጡ በሐኪም ከተረጋገጠባቸው ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል፣ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ አይ ቢ ኤስ ነበረበት። ካልታመሙት ደግሞ ከአሥሩ አንዱ። ባክቴሪያው ከሄደ ቆይቷል። አንጀቱ ግን የተደረገበትን አልረሳም። ስምንት ዓመት ሲሞላ ቁጥሩ ወደ ግማሽ ገደማ ወርዶ ነበር፤ ይህችን መስመር ደግሜ ደጋግሜ አንብቤአታለሁ።

አንድ ከተማ ሙሉ ሕዝብ በአንድ ሳምንት ሆደ ባሻ ለመሆን አልተስማማም። ዶክተሯ የሣሉት ቀስት ሁለት የሆነው ለዚህ ነው። ከላይ ወደ ታች ብቻ አይደለም የሚሄደው።

ሦስት ኪሎ ሽንኩርት

አሁን ወደ ነጭ ሽንኩርቷ።

አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ያለው የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፎድማፕ ብለው የሚጠሯቸው የስኳር ዓይነቶች አሉ። ትንሹ አንጀት በደንብ አይመጥጣቸውም። ውሃ እየሳቡ ይወርዱና ትልቁ አንጀት ሲደርሱ ባክቴሪያ ያብላላቸዋል። የጠላ ጥንስስ አስቡ። ይህ በማንም ሰው ሆድ ውስጥ የሚሆን ነው፤ የኔው ሆድ በሞንታርቦ ስለሚሰማው ነው ጣጣው። ዝርዝሩን ሳየው የሠርግ ቤት መሰለኝ፦ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ስንዴ፣ ምስር፣ ሽንብራ፣ ባቄላ፣ ወተት፣ ማር፣ ማንጎ። እናቴ ስንት ወር በፍቅር ስታቀምሰኝ የነበረው ነጭ ሽንኩርት ከላይኛው ረድፍ ተቀምጧል። እስካሁን አልነገርኳትም። አንብበሽው ከሆነ፣ እማዬ፣ ፌጦው ምንም አላደረገኝም።

አመጋገቡ ሥርዓት አለው። ከ2 እስከ 6 ሳምንት ሁሉንም ትተዋለህ፤ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለስክ የትኛው እንደሚያምህ ታያለህ። እኔ የመጀመሪያዋን ሰምቼ ሁለተኛዋን ረሳሁ። አምስት ወር ሩዝ፣ ካሮትና ድንች በላሁ። ሆዴ ቀለል ሲለኝ ጊዜ ምግብ መፍራት ጀመርኩ። ስድስት ኪሎ ከሳሁ። ዶክተሯ ሲያዩኝ ተቆጡኝ። «በሽታውን ያለ ምግብ አድነሽ አንቺን ልትገይ ነው?» አሉኝ።

ስመልሳቸው ያገኘሁት ውጤት ያስቃል። ወተት ነጻ ሆኖ ተገኘ። ማኪያቶዬን ሁለት ዓመት ሙሉ በሐሰት ከስሼው ኖሬአለሁ። የጤፍ እንጀራ ከጅምሩም አስቸግሮኝ አያውቅም። ዳቦ አንድ ቁራጭ ይሄዳል። ምስር አዳሩን ተዘፍዝፎ ውሃው ከተደፋ ትንሽ ትንሽ ይቻላል። ጥፋተኛው ሽንኩርት ነው፤ ሁለቱም። ከሽሮ ጋር ደግሞ ገና አልታረቅንም፤ ሽሮ ዱቄት ስለሆነ ዘፍዝፈህ የምትደፋለት ውሃ የለውም፣ ዱቄቱ ውስጥም ነጭ ሽንኩርት አብሮ ይፈጫል። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ማለት ለኔ ከሽሮ ጋር 55 ቀን ድርድር ነው። ጎመን፣ ድንች፣ ካሮት፣ ያለ ሽንኩርት የተሠራ የሱፍ ፍትፍት ይዤ እዘልቃለሁ።

አንድ ዘዴ ግን እንካችሁ። የሚያስቸግረው የሽንኩርት ስኳር ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ዘይት ውስጥ ግን አይሟሟም። ስለዚህ ወጥ ውስጥ ያለውን ሽንኩርት በማንኪያ ለቅሞ ማውጣት ዋጋ የለውም፤ መረቁ ውስጥ ገብቷል። ነጭ ሽንኩርቱን እንዳለ ዘይት ውስጥ ጠበስ አድርጎ ሽታውን ሲሰጥ አውጥቶ መጣል ግን ይሠራል። ውሃ ጠብ ሳይልበት በፊት ነው ታዲያ። የባሮ ሽንኩርትም አረንጓዴ ቅጠሉ ብቻ ይቻላል። ቁሌት ባይሆንም ቁሌትን ያስታውሳል።

ተልባ ደግሞ አለ። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ ሆድ ለሚነፋቸው አጃን፣ ተልባንም በቀን እስከ 1 የሾርባ ማንኪያ ሊጠቅም ይችላል ብሎ ጽፏል። ይህን ለእማዬ ስነግራት ምንም አልገረማትም። «እንግሊዝ ነው የነገረሽ?» አለችኝና ስልኩን ዘጋችው።

የምግቡ ነገር ከሰው ጋር እስኪያገናኝ ድረስ ቀላል ነው። አክስቴ ለአንድ ዶሮ ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ነው የምትከትፈው። ግማሽ ቀን ታቁላላዋለች፤ ወጡ ሲቀርብ ሽንኩርቱ በዓይን አይታይም። ያለፈው ገና ላይ ጉርሻዋን አዘጋጅታ መጣች። ድሮ ቢሆን «በልቼ ነው የመጣሁት» እላለሁ፣ ወይም «ጨጓራዬ ተነስቶብኛል»፤ ጨጓራ ማንም የማይከራከረው ምክንያት ነው።

«በሞቴ፣ አንዲት ብቻ» አለች።

«እትዬ፣ ሽንኩርት አይስማማኝም» አልኳት።

ቤቱ ፀጥ አለ። «ሽንኩርት የማይስማማው ሐበሻ አለ?» አለ የአጎቴ ልጅ፣ ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። አክስቴ ጉርሻዋን ለሱ አጎረሰችው፤ አፉን ሞላችው፣ ተገላገልኩ። በኋላ ዕቃ ስናጣጥብ ግን ጠጋ ብላ እንዲህ አለችኝ። «እናታችንም ሰው ቤት አትበላም ነበር። ሠርግም ቢሆን፣ ተዝካርም ቢሆን። ከቤቷ ቂጣ በቅቤ ቋጥራ ነበር የምትሄደው። ተጠያፊ ናት እያሉ ስንት አሟት።»

አያቴ ምን እንደነበረባት አሁን ማን ያውቃል። ምናልባት በእውነትም ተጠያፊ ነበረች። እኔ ግን ያን ለት ማታ ያቺን የተቋጠረች ቂጣ ሳስብ አመሸሁ።

10 ሚሊ ግራም

ዶክተሯ ማታ ማታ የሚወሰድ 10 ሚሊ ግራም አሚትሪፕቲሊን አዘውልኝ ነበር። ፋርማሲ ስሄድ ልጁ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይሄ እኮ የድብርት መድኃኒት ነው» አለኝ። ከኋላዬ ሦስት ሰው ተሰልፏል። ገዝቼ ወጣሁና ሦስት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ደውዬ ስጠይቃቸው ዶክተሯ አልተገረሙም። ለድብርት የሚሰጠው መጠን ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ በትንሹ ሲሰጥ የሕመሙን መልእክት ማቀዝቀዝ ነው ሥራው አሉኝ። እ.ኤ.አ. በ2023 እንግሊዝ ውስጥ 463 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ወጥቷል፤ ከ10 እስከ 30 ሚሊ ግራም የወሰዱት ባዶ ኪኒን ከተሰጣቸው ይልቅ በስድስት ወር ውስጥ ተሽሏቸዋል። ሰው ሁሉ ግን አይወስደውም፣ ያለ ሐኪምም አይጀመርም። አፌን አደረቀኝ፣ የመጀመሪያዎቹን ጠዋቶች እንደ ሰካራም ነበርኩ። በሁለተኛው ወር ቁርጠቱ እየመጣም ሞንታርቦው ዝቅ ብሎ ነበር።

የቀረውን ያገኘሁት ከኤክሴል ነው። ስድስት ወር ሙሉ የበላሁትን፣ የተኛሁበትን ሰዓት፣ የዚያችን ባለ ሰባት ሥዕል ወረቀት ቁጥር በየቀኑ መዘገብኩ። ሽንኩርት ጉልህ ሆኖ ይወጣል ብዬ ነበር፤ ወጣም። ከሽንኩርት በላይ የወጣው ግን ሰኔ 30 ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጨረሻ፣ ሒሳብ የምንዘጋበት ጊዜ፣ ዓምዱ ከላይ እስከ ታች ቀይ ነው። በዚያ ወቅት የበላሁት ደግሞ ከሁሉ የተጠነቀቅኩበት ነበር። አሁን በሰኔ ምሳዬን ኮምፒውተር ፊት አልበላም፣ ቡናም አቦሉ ላይ አቆማለሁ፤ በረካ የሐምሌ 30 ሰዎች ነው።

ድኛለሁ? አልዳንኩም። ባለፈው ሳምንት እንኳን አንድ ስብሰባ ጥዬ ወጥቻለሁ። ግን አለቃዬ ያውቃል። «ሆዴ ነው» እለዋለሁ፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ በቃ። በ33 አገሮች ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ሪፖርት፣ በኢንተርኔት ከተጠየቁት ሰዎች 4 በመቶ ገደማው ያንን የሮም መስፈርት ያሟላል። ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ሰው ውስጥ አንድ ማለት ነው። ታክሲ ስገባ አንዳንዴ ፊታቸውን አያለሁ፤ ማን ይሆን በሩ አጠገብ ካልተቀመጥኩ የሚለው እያልኩ።

ማክሰኞ ጠዋት መገናኛ ሰልፉ ረጅም ነበር። ተራዬ ደርሶ ስገባ በሩ አጠገብ አንድ ልጅ እግር ከግድግዳው ተለጥፎ ቦርሳውን አቅፎ ተቀምጧል። ረዳቱ «ወደ ኋላ ጠጋ በል ወንድም!» አለው። ልጁ ያልሰማ መሰለ። አልፌው የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ መስኮቱ ጥግ ገባሁ። ሦስት ሰው ከጎኔ ተደረደረ። ሃያ ሁለት ላይ ለሃያ ደቂቃ ቆምን። ሆዴ ጉርርር አለ። የጎኔ ሴትዮ ዘወር ብለው አዩኝ፤ እኔም አየኋቸው።

ሜክሲኮ ስወርድ ያቺን ካፌ ገረፍ አድርጌ አየኋት። ክፍት ናት። ጠርሙሱ ካሸሯ አጠገብ ቆሟል።